መሬቱ የየቤቱ፣ ገበያው የጋራ፦ የሞሻቭን አሠራር ይዞ በቦርከና ዳር ማህበር ማቋቋም

በወሎ የቦርከና ወንዝን ተከትሎ በኮምቦልቻ ዙሪያና በሐርቡ በኩል ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማውም፣ ከደሴ አጠገብ በገራዶ ጎመንና ካሮት የሚያለማውም ችግራቸው አንድ ነው። ማምረቱን ያውቁበታል፤ ዋጋውን ግን ማሳ ላይ ደላላ ይቆርጥላቸዋል፣ ዘሩንና መድኃኒቱንም በችርቻሮ ዋጋ ይገዛሉ። መፍትሔው ተደራጅቶ መግዛትና መሸጥ እንደሆነ ሁሉም ይናገራል፤ «ማህበር» ሲባል ግን ትልልቆቹ ሰዎች ፊታቸውን ያዞራሉ። ምክንያትም አላቸው። በደርግ ጊዜ የነበረው የአምራቾች ማህበር መልባ በሚባለው በመጀመሪያው ደረጃ መሬቱን፣ ወልባ በሚባለው በሁለተኛው ደረጃ በሬውንና መሣሪያውንም ጭምር አንድ ላይ ያደርግ ነበር። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ገበሬው ማሳውን ለመልሶ መከፋፈል የፈጀበት ጊዜ ጥቂት ወራት ብቻ ነው።

እዚህ የምናስረዳው ሌላ ዓይነት ማህበር ነው። መሬት አይቀላቀልም፣ በሬም አይቀላቀልም፤ ምርቱም የየቤቱ ነው። የሚቀላቀለው ግዢ፣ ሽያጭና ውሃ ነው። ይህንን መንገድ ረዥም ጊዜ ሄደው የፈተኑት በእስራኤል ሞሻቭ የሚባሉት የገበሬ መንደሮች ናቸው። ከእነሱ የሚወሰድ ብዙ አለ፤ በግልጽ መተው ያለበትም አንድ ነገር አለ። ሁለቱን ለይቶ ለማወቅ ታሪኩን በአጭሩ ማየት ይጠቅማል፤ የእስራኤሉ ታሪክ ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ከሞሻቭ የሚወሰደውና የሚተወው

መጀመሪያ የመጣው ቂቡትዝ የሚባለው የጋራ መንደር ነው። ደጋንያ እ.ኤ.አ. በ1910 በዮርዳኖስ ወንዝ ዳር፣ ከገሊላ ባሕር በስተደቡብ ተመሠረተች፤ መሬቱ፣ ሥራው፣ ማዕዱ፣ ገቢው ሁሉ የጋራ ነበር። ሁሉም ሰው ግን በዚህ ኑሮ አልረካም። የራሱን ላም ራሱ ማለብ፣ ልጆቹን በራሱ ቤት ማሳደግ የፈለገው ሌላ መልክ ፈለገ። ኤሊዔዜር ያፌ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1919 የዚህን አዲስ መንደር መርሖዎች በጽሑፍ አወጣ፦ መሬቱ የሕዝብ ይሁንና ለገበሬው በረዥም ኪራይ ይሰጥ፤ ቤተሰቡ በራሱ ጉልበት ይሥራ፤ ጎረቤት ለጎረቤት ይድረስ፤ ግዢና ሽያጭ በጋራ ይሁን። በ1921 በኢይዝራኤል ሸለቆ ናሃላል የተባለችው የመጀመሪያዋ ሞሻቭ ተቆረቆረች። ረግረጉ መደረቅ፣ ወባውም መሸነፍ ነበረበት። ንድፉን የሠራው ሪቻርድ ካውፍማን መንደሩን ክብ አደረገው፦ ትምህርት ቤቱ፣ መጋዘኑና የማህበሩ ሱቅ መሐል ላይ፤ ቤቶቹ ዙሪያውን፤ ከየቤቱ ጀርባ ወደ ውጭ እየሰፋ የሚሄደው የየቤተሰቡ እርሻ። እኛ መንደር አዲስ አንቆረቁርም፤ ከካውፍማን ንድፍ የሚወሰደው መጋዘኑ ከሁሉም ማሳ እኩል መቅረብ እንዳለበት ነው። መጋዘኑ ለሊቀመንበሩ ቤት ከቀረበ ከሩቅ ያለው አባል ለደላላው ይሸጣል።

መሬቱን የሚገዛው በ1901 የተቋቋመው የአይሁድ ብሔራዊ ፈንድ ነበር፤ ለገበሬው የሚሰጠው የ49 ዓመት ኪራይ ሲሆን ለልጅ ይወረሳል። የእኛ ገበሬም የይዞታ ደብተር እንጂ የሽያጭ መብት ስለሌለው ይህ ክፍል እንግዳ አይሆንበትም። ሞሻቮቹ ወተታቸውንና አትክልታቸውን በአብዛኛው የሚሸጡት በ1926 በተመሠረተው ትኑቫ በተባለው የገበያ ኅብረት ሥራ በኩል ነበር። ገበሬው ያስረክባል፣ ትኑቫ ይሸጣል፤ ገንዘቡ ወደ መንደሩ ማህበር ሄዶ የዘርና የመኖ ዕዳው ተቀንሶ ቀሪው ለገበሬው ይደርሳል። ዕዳ ለመሰብሰብ የማንም ደጃፍ አይንኳኳም። የሞሻቭ ጥንካሬ ከሁሉ በላይ ይህ ነው ብለን እናምናለን።

ጉዳቱ የመጣው ከዚያው ከመረዳዳቱ ነው። አባላቱ ለብድር ያለ ገደብ እርስ በርሳቸው ዋስ ነበሩ፤ መንደሮቹ ደግሞ በክልል የግዢ ድርጅቶች በኩል በጋራ ይበደሩ ነበር። የዋጋ ግሽበቱ በ1984 ከ400 በመቶ ባለፈ ጊዜ መበደር ትርፍ መስሎ ታየ። በ1985 መንግሥት ግሽበቱን ሲያቆመው ግን የወለዱ እውነተኛ ክብደት ሰማይ ነካ። ደህና የሠራውም ገበሬ ለጎረቤቱ ዕዳ ተጠያቂ ሆነ፤ ትጉሁ ምርቱን ከማህበሩ እየደበቀ ለውጭ ነጋዴ ይሸጥ ጀመር፤ የግዢ ድርጅቶቹም ወደቁ። በ1992 የወጣው፣ የጋል ሕግ የሚባለው አዋጅ የገበሬዎቹን ዕዳ መልክ ለማስያዝ የታወጀ ነው። ስለዚህ የሚወሰደው በርክክብ ላይ የሚደረገው ቅነሳ ነው፤ የሚተወው ገደብ የለሽ ዋስትና ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተሠራው በዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ውሃውን ለኩ

ማህበር የሚመሠረተው በቀበሌ ወይም በዝምድና ሳይሆን በቦይ ነው። ከአንድ ቦይ የሚጠጡ ማሳዎች ቢፈልጉም ባይፈልጉም ጉዳያቸው አንድ ነው። እዚህ እንደ ምሳሌ 24 ቤተሰብ፣ ለእያንዳንዱ 1 ጥማድ (ሩብ ሄክታር)፣ በጠቅላላው 6 ሄክታር እንውሰድ። ለምዝገባ የሚያስፈልገውን የአባል ቁጥር ከወረዳው የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ 24 ካልበቃ ሁለትና ሦስት ቦይ በአንድ ማህበር ይመዘገባል፣ የውሃ ቡድኑ ግን በየቦዩ ይቀራል።

የቦዩን ውሃ ለመለካት ቀጥ ያለና ወጥ የሆነ 10 ሜትር ቦታ ምረጡ። የውሃውን ስፋትና ጥልቀት በሜትር ለኩ። የደረቀ የበቆሎ ቆረቆንዳ ጣሉና 10 ሜትሩን በስንት ሰከንድ እንደጨረሰ ያዙ፤ 5 ጊዜ ደጋግሙና አማካዩን ውሰዱ። ስፋቱ 0.40፣ ጥልቀቱ 0.20፣ ጊዜው 40 ሰከንድ ቢሆን፦ 0.40 × 0.20 × (10 ÷ 40) = 0.02 ሜትር ኩብ በሰከንድ። ከላይ ያለው ውሃ ከሥሩ ስለሚፈጥን በ0.75 ይባዛል፦ 0.015፣ ማለትም 15 ሊትር በሰከንድ። ልኬቱ መደረግ ያለበት በሚያዝያና በግንቦት፣ ቦርከና ሲሳሳ ነው። በኅዳር የተለካ ውሃ ማህበርተኛን ያጣላል።

15 ሊትር በሰከንድ ለአንድ ጥማድ 3 ሰዓት ቢለቀቅ 162 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ይህም በማሳው ላይ 65 ሚሊ ሜትር ውሃ ነው። በአፈር ቦይ ከዚህ ሲሶውና ከዚያም በላይ በመንገድ ይቀራል፤ የሚተርፈው ለሽንኩርት ለሳምንት ይበቃል። በቀን 12 ሰዓት፣ 4 ማሳ፤ በ6 ቀን 24 ማሳ ይዳረሳል፤ ሰባተኛው ቀን ለቦይ ጠረጋ ነው። ውሃው ከ10 ሊትር በታች ከሆነ ሁሉም ግማሽ ጥማድ ብቻ ይትከል። ሁሉም ሙሉውን ተክሎ የታችኛው ቦይ ሲደርቅ ማየት የተለመደ ነው፤ ማህበሩም የሚፈርሰው ያን ጊዜ ነው።

ተራው በየወሩ ይዙር። ተራው በቀን ከተቸነከረ ዓርብ ቀትር የሚደርሰው ሰው ሁልጊዜ ጁምዓ ያመልጠዋል፣ እሑድ ጠዋት የሚደርሰውም ቅዳሴ። ተራውን የሚያስከብር የውሃ አባት ምረጡ፣ ክፍያውንም በምርት ሳይሆን በገንዘብ አድርጉት፤ በምርት የሚከፈለው የውሃ አባት ለሚሰጠው ማሳ ያደላል። ሌላም ነገር አለ፦ ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች በታች ወደ ቦርከና የሚገባውን ውሃ ሳያስመረምሩ ሰላጣና ቲማቲም ማጠጣት አይገባም።

መተዳደሪያ ደንቡ ላይ መግባት ያለበት

ጽሕፈት ቤቱ የደንብ ናሙና ይሰጣል፤ አብዛኛው ይጠቅማል። ናሙናው ላይ የማይገኙትን ወይም በለሆሳስ የሚታለፉትን እዚህ እናንሳ።

አባልነት በባልና ሚስት ስም ይመዝገብ፤ የይዞታ ደብተሩ የሁለቱም ፎቶ ያለበት ከሆነ የማህበሩ መዝገብ በአንዱ ስም የሚሆንበት ምክንያት የለም። ድምፅ በቤተሰብ አንድ ይሁን። ዕጣ (አባሉ ለማህበሩ የሚያዋጣው የገንዘብ ድርሻ) ደግሞ ማንም ከጠቅላላው ከአስር አንድ በላይ አይያዝ፤ ያ ካልተጻፈ ከተማ ያለው ነጋዴ በዘመዱ ስም ይገባል።

የመሬት ውርስ በመሬት ሕግ ይሄዳል፣ ማህበሩ አያግደውም። የአባልነት ቦታውና የውሃ ተራው ግን አይቆራረጥ። ሞሻቮች እርሻውን ከልጆቹ መሐል ለአንድ ተተኪ ብቻ ያስተላልፉ ስለነበር ማሳው ሳይከፋፈል ቆይቷል። እኛ ጋ ሊሠራ የሚችለው እንዲህ ነው፦ አባል ሲሞት ወራሾቹ በ3 ወር ውስጥ አንድ ሰው ይወክላሉ፣ የ3 ሰዓቱም ተራ በእሱ ስም ይቀጥላል፤ ሌሎቹ የዕጣ ገንዘቡን ድርሻ በጥሬ ይወስዳሉ። ይህ ካልተጻፈ 3 ሰዓቱ በ4 ወንድማማች ተከፍሎ 45 ደቂቃ ይሆናል፤ በ45 ደቂቃ ደግሞ ውሃው የቦዩን ዳር አርሶ ብቻ ይመለሳል።

ስለ ቅጥር ጉልበት ሞሻቮቹ የጻፉት ጠንካራ ነበር፦ በራስ ጉልበት ብቻ። ኋላ ግን ራሳቸውም አላከበሩትም፤ ዛሬ ብዙ ሞሻቭ ከታይላንድ በሚመጡ ሠራተኞች ነው የሚያለማው። የማይጠበቅ ሕግ ከመጻፍ ይልቅ ለተከላና ለለቀማ ጅጌና ወንፈል እንዲቀድም፣ ካልበቃ መቅጠር እንዲቻል መተው ይሻላል። መሬቱን ሙሉ በሙሉ ለሌላ አከራይቶ ከተማ የገባ ሰው ግን ድምፁ ይታገድ፤ ለመጋዘን ጥገና የማይጨነቅ ሰው ስለ መጋዘን መወሰን የለበትም።

ዕጣው ስንት ይሁን?

ብዙ ማህበር ዕጣን የሚቆርጠው ሰው ሊከፍል ይችላል ብሎ በገመተው ነው። መቆረጥ ያለበት በመኪና ነው። ለስሌት ያህል ኪሎው 25 ብር ይሁን፤ አንድ አይሱዙ 50 ኩንታል ሽንኩርት ቢጭን 125,000 ብር ነው። ገበሬው ባስረከበበት ቀን ቢያንስ 70 በመቶውን ካላገኘ ለደላላው ስለሚሸጥ ማህበሩ 87,500 ብር በእጁ መያዝ አለበት። ገንዘቡ ከአዲስ አበባ ወይም ከሰመራ ገዢ እስኪመለስ ሁለተኛ መኪና ለመጫን 175,000 ብር ያስፈልጋል። ለ24 ቤተሰብ ሲካፈል 7,300 ብር ገደማ ነውና ዕጣውን 7,500 ብር አድርጉት፤ ግማሹ ሲገባ፣ ግማሹ ከመጀመሪያው ሽያጭ ይቀነስ። ሲጀመር እጃችሁ ላይ ያለው 90,000 ብር ነው፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ወቅት አንዱ መኪና ሳይከፈልበት ሌላው አይጫን። የኪሎው ዋጋ ሲለወጥ ስሌቱን እንደገና ሥሩት።

ተከላውን ማፈራረቅ

24 ጥማድ ሽንኩርት በአንድ ሳምንት ከደረሰ ማህበሩ የራሱን ዋጋ ራሱ ይሰብራል። እስራኤላውያኑ ለወተትና ለእንቁላል ለየመንደሩ ኮታ የወሰኑት ለዚህ ነው። ቦዩን በ8፣ በ8 ቤት በሦስት ከፍላችሁ ተከላውን በ3 ሳምንት አራርቁ። ችግኙ ተነቅሎ የሚተከለው 45 ቀን ገደማ ሲሞላው፣ ከዚያ እስከ መሰብሰብ ደግሞ ከ3 እስከ 4 ወር ነው፤ ወደ ኋላ ቆጥራችሁ አንዱ ቡድን ለፋሲካ እንዲደርስ አድርጉ። የሁዳዴ መጨረሻ ላይ የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ፈላጊው ብዙ ነው። የትኛው ቡድን ፋሲካን ይያዝ የሚለው በየዓመቱ ይዙር፤ ይህን ያልጻፈ ማህበር በሁለተኛው ዓመት ይጣላል።

ዘሩ በጋራ ይገዛ፦ ለአንድ ጥማድ 1 ኪሎ፣ ለ24ቱ 24 ኪሎ። የችግኝ መደቡ ለእያንዳንዱ ኪሎ 1 በ10 ሜትር የሆነ 7 መደብ ነው። ሁሉም ችግኝ አንድ ቦታ ቢፈላ አንድ ጠባቂ ይበቃል፤ ግን ከየጆንያው ዘር ጥቂት አስቀርታችሁ 100 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉና በ10 ቀን ስንቱ እንደበቀለ ቁጠሩ። ከ70 በታች ከሆነ ሳይዘራ ለሻጩ ይመለስ። ከተዘራ በኋላ የሚነሳ ክርክር ማስረጃ የለውም። ተከላው በውሃ መውረጃዎች መካከል 40፣ በመደቡ ላይ ባሉት መስመሮች መካከል 20፣ በችግኞች መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ሁሉም በአንድ ርቀት ካልተከለ የሽንኩርቱ ራስ መጠን ይለያይና ደረጃ ማውጣት ያስቸግራል። ለገራዶ ይህ ሰሌዳ አይሆንም፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ውርጭ ስለሚያሰጋ እዚያ ማፈራረቁ በጎመን፣ በካሮትና በድንች መካከል ነው።

ርክክብ

ቅጠሉ ከግማሽ በላይ ሲወድቅ ይነቀላል፤ ውሃ ግን ከዚያ 2 ሳምንት በፊት ይቆማል። ውሃ ጠጥቶ የተነቀለ ሽንኩርት ሚዛን ላይ ይከብዳል፤ መንገድ ላይ ግን ይበሰብሳል፣ አንዱ ጆንያ ሲበሰብስም የመኪናው ዋጋ በሙሉ ይወርዳል። ከነቀላ በኋላ በጥላ ሥር አንገቱ እስኪደርቅ፣ ከ7 እስከ 10 ቀን ይቆይ። ፀሐይ ላይ የተሰጣው ይቃጠላል፤ ላስቲክ የተሸፈነው ደግሞ ያልበዋል።

ደረጃው ሦስት ይሁን። ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ የሆነ አንደኛ፤ ከዚያ በታች እስከ 3.5 ሁለተኛ፤ የተሰነጠቀ፣ ያበበ ወይም ወፍራም አንገት ያለው ሦስተኛ። በጣውላ ላይ ሁለት ቀዳዳ ቢበሳ መለኪያ ይሆናል። ሚዛኑን በየጠዋቱ 50 ኪሎ በሚመዝን በታወቀ ዕቃ ፈትሹት። ደረሰኙ በሦስት ቅጂ ይቆረጥ፦ ለገበሬው፣ ለመጋዘኑ፣ ለሒሳብ ሹሙ። መዛኙና ገንዘብ ያዡ አንድ ሰው ከሆኑ ሌላውን ሁሉ ብታሟሉም ዋጋ የለውም።

አንድ ቤተሰብ 30 ኩንታል አስረክቦ በአማካይ በኪሎ 25 ብር ቢሸጥለት ገቢው 75,000 ብር ነው። የአገልግሎት 4 በመቶ 3,000፣ የመጠባበቂያ 2 በመቶ 1,500፣ የዘርና የማዳበሪያ ቅድሚያ 14,000 ይቀነሳል፤ የሚደርሰው 56,500 ነው። በርክክብ ቀን የሚሰጠው 70 በመቶ ዕዳው ከተቀነሰ በኋላ ይሁን፤ አስቀድሞ ሙሉውን የወሰደ ሰው ለማዳበሪያው ዕዳ ተመልሶ አይመጣም።

ከማህበር ውጭ መሸጥን በቅጣት ብቻ ማስቆም አይቻልም። 20 በመቶውን ለቤቱና ለፈለገው ገበያ በነፃ ተዉለት፤ 80ው በማህበሩ ይሂድ። ደላላው በኪሎ 2 ብር ጨምሮ የሚመጣው ማህበሩን ለማፍረስ ወቅቱ ሲጀምር ነው፤ በመሐል 5 ብር ይቀንሳል። ይህን ለአባላቱ አስቀድማችሁ በቁጥር አሳዩአቸው፤ የባለፈውን ዓመት የየሳምንቱን የማሳ ዋጋ መጋዘኑ ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

ብድርና ዋስትና

ሞሻቮቹ የተሰበሩት እዚህ ላይ ነው፤ ደንቡም እዚህ ላይ ጥብቅ መሆን አለበት። ማንኛውም አባል ለማህበሩ ዕዳ የሚጠየቀው በዕጣው ልክ ብቻ እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። ለግል ብድር ዋስትና የሚሰጠው በ6 ሰው ቡድን ይሁን፣ ጣሪያውም በቁጥር ይቀመጥ፤ ለምሳሌ አንድ ሰው ለሌላው ቢበዛ 3,000 ብር። ዘርና ማዳበሪያ በዱቤ ሲሰጥ ከአባሉ ያለፉት ሦስት ሽያጮች የዝቅተኛውን ግማሽ አይለፍ፤ አዲስ አባል የመጀመሪያውን ወቅት በጥሬ ይግዛ። ማህበሩ ራሱ ከባንክ ሲበደር ከመጠባበቂያው ሁለት እጥፍ በላይ በጠቅላላ ጉባኤ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካልሆነ አይፈቀድ።

ወሎ ላይ ወለድ የማይበላም የማያበላም አባል ብዙ ነው። ከወለድ ነፃ የሚሠራ የባንክ መስኮት ተጠቀሙ፤ በውስጥ ብድር ላይም ወለድ ሳይሆን የታወቀ የአገልግሎት ክፍያ አድርጉ። በረዶ ማሳ ሲመታ ወይም ሰው ሲታመም የሚሰጠው እርዳታ ከብድሩ ጋር አይደባለቅ። ለዚህ ቅሬ (ዕድር) አለ። ሞሻቭ መረዳዳትንና ንግድን በአንድ ሣጥን ስላስቀመጠ የቱ እንዳለቀ ለማወቅ ተቸግሯል፤ እዚህ የቅሬው ዳኛ የማህበሩ ገንዘብ ያዥ እንዳይሆን በደንቡ ይከልከል።

ሒሳብ መዝጋት

ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። የርክክብ መቁረጫው ቀን ግን ሰኔ 15 ይሁን፦ ከዚያ በኋላ የመጣው ለአዲሱ ዓመት ይያዛል። የደረሰኝ ጥራዞች ከነ ያልተቆረጡት ተቆጥረው፣ በመጋዘን ያለው ጆንያና መድኃኒት በሦስት ሰው ተቆጥሮ፣ የባንክ መግለጫው ከገንዘብ መዝገቡ ጋር ተመሳክሮ በአንድ ፋይል ይታሰር። የእያንዳንዱ አባል የዕጣ፣ የዕዳና የርክክብ ሒሳብ በአንድ ገጽ ወጥቶ ከጉባኤው 10 ቀን በፊት በእጁ ይሰጠው፤ ማንበብ ለማይችል በሁለት ምስክር ፊት ይነበብለት። ኦዲት የሚጠየቀው ከጽሕፈት ቤቱ በደብዳቤ ነው፤ ወረፋ ስላለ ደብዳቤው በሚያዝያ ይግባ።